ባጃጅ ሲፈለግና ሳይፈለግ

በድሬዳዋ በአንድ አነስተኛ የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ የምርት ዕቅድ አወጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕቅዴ ከሽያጭ ክፍል የሚላከውን የትዕዛዝ ብዛት ተከትሎ ይወጣና ይወርድ ነበር፤ ገበያው ሲሞቅ ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ ሲቀዘቅዝ እናሰናብታለን። የዚህ አሠራር ጉዳት የገባኝ በፍሬን ሥራ ነው። ከፍሬን መስመር አየር ለማውጣት አንዱ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈታ አድርጎ አረፋው ሲወጣ ያያል፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ብሎኗ ካልጠበቀች አየሩ ተመልሶ ይገባል። ይህን ተናበው የሚሠሩትን ሁለት ልጆች በአንድ ቀዝቃዛ ወር አሰናበትናቸው፤ አንደኛው ቀፊራ ገበያ አካባቢ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ገበያው ሲመለስ በተተኪዎቹ እጅ ያለፉት ተሽከርካሪዎች ፔዳላቸው እየሰመጠ ከፍተሻ ተመለሱ፤ የቆጠብነውም ደመወዝ ሥራውን በመድገም አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ስሌቱን የምጀምረው ከደቂቃ ነው። አንድ ፈረቃ ዕረፍቱ ተቀንሶ 450 ደቂቃ ቢኖረውና በቀን 15 ተሽከርካሪ ቢፈለግ፣ በየ30 ደቂቃው አንድ መውጣት አለበት፤ አንዱን መገጣጠም በድምሩ የ240 ደቂቃ የሰው ጉልበት ከፈጀ መስመሩ 8 ሰው ይፈልጋል። ፍላጎቱ ወደ 10 ሲወርድ አንዱ የሚወጣው በየ45 ደቂቃው ይሆንና 6 ሰው ይበቃል። ይህ ቶዮታን በመሳሰሉ ፋብሪካዎች የታወቀ ስሌት ነው፤ የሚከብደው ስድስቱ የስምንቱን ሥራ እንዲችሉ ማድረግና ለተረፉት ሁለቱ ቦታ መፈለግ ነው። እኛ የዓመት ፈቃድ የምናስወጣውና የሌላውን ሥራ የምናስተምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ፍላጎቱ ሲጨምር ደግሞ ትርፍ ሰዓት ብዙ አያስኬድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ12 ሰዓት ስለማይበልጥ፣ በመደበኛው 48 ሰዓት ላይ የሚጨምረው ሩብ ብቻ ነው፤ በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለውም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከሩብ በላይ የሆነውን የሚሸከመው ሁለተኛ ፈረቃ ወይም አስቀድሞ የተከማቸ ምርት ነው።

የትዕዛዝ ቁጥሩም ራሱ ያሳስታል። ዕቃ ሲጠፋ፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ መቀመጥ ስለማይወድ፣ በሦስት ሻጮች ዘንድ ይመዘገባል፤ እኛም አንዱን ገዢ ሦስት አድርገን እንቆጥራለን። ስለዚህ አሁን የምቆጥረው ቀብድ የከፈለውን ብቻ ነው።

ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1994 በጀርመን 30,000 ያህል ሠራተኞችን ላለማሰናበት ሲል የሥራ ሳምንቱን ወደ 28.8 ሰዓት ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ክፍያውም አብሮ ቀንሷል። መንገዱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ከእኛ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቀነስ አላየሁም።

ዛሬ በመስመሩ መግቢያ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ከሚችላቸው ሥራዎች ጋር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ በፍሬኑ ረድፍ አራት ስም ሰፍሯል። ባጃጅ መንዳት የጀመረውን ልጅ እንዲመለስ ለምነነው ነበር፤ በቀን የሚያገኘውን ነገረን፣ እኛም ዝም አልን።