ከሙያው በፊት መታወቂያው

መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ጎዳና ላይ ከሚያድሩ ልጃገረዶች ጋር መሥራት ስጀምር ያማከርኳቸው ሁሉ «ሙያ አስተምሪያቸው» አሉኝ። ቀርቤ ስሰማቸው ግን አብዛኞቹ ባለሙያዎች ናቸው። ደላላ ከገጠር አምጥቶ በሰው ቤት አስቀጥሯቸው እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሕፃን ሲያሳድጉ ኖረዋል። የቸገራቸው ወረቀት ነው።

ከጎንደር ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ አሠሪዎቿ የወራት ደመወዟን ከልክለው ያባረሯት። ሹሩባ ስትሠራ ከጣቶቿ ፍጥነት የተነሣ ዓይን አይከተላትም። አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት ወዲያው ልትቀጥራት ፈልጋ «ተያዥ አምጪ» አለቻት። ቤት ለመከራየት፣ ባንክ ለመቆጠብ፣ የብቃት ምዘና ለመውሰድ ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ወረዳ ስንሄድ ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ እንድታመጣ ተነገራት። የልደት ምስክር ወረቀትም የላትም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ እርሷ ያኔ ከብት ጠባቂ ነበረች።

አጎቷ ዘንድ ደወልኩ። ሰውየው አላመኑኝም። «እርሷ ከሆነች የላማችንን ስም ትንገረኝ» አሉ። ልጅቱ ስልኩን ነጥቃኝ «ቦራ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሁለቱም መናገር አቃታቸው። መሸኛውን ያወጡልን እኚሁ አጎቷ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን በዚህ መልክ አደራጀሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንንም ልጅ «ታሪክሽን ንገሪኝ» አልላትም። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ትተኛለች፤ መናገር ስትፈልግ ራሷ ትጀምራለች። ቤተሰብ የምናፈላልገውም እርሷ ከፈቀደች ብቻ ነው፤ ከጋብቻ ሸሽታ የመጣችን ልጅ አድራሻ መስጠት አደጋ ነው።

ልጆቹን ወደ ቤት ሠራተኝነት መመለስ አልፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶችም የቀን ሥራውን በ7 ሰዓት ይገድባል፤ የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናት። ስለዚህ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ዳቦ ቤት እመርጣለሁ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ደመወዙም በቀጥታ በስሟ በተከፈተ ደብተር ይገባል።

ልብስና ምግብ የሚለግሱን ደጎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን አጥብቄ የምፈልገው ግን ቋሚ ሥራ ያላቸውን ሰዎች ነው፤ ለአንዲት ልጅ ተያዥ ሆነው የሚፈርሙ።