እጅ ሲያጥር

ሰው «እጅ አጠረኝ» ሲል ብር ፈልጎ ነው። የእኔ እጅ ግን የእውነት አጭር ነው። ሰላምታ ስሰጥ መዳፌ በሰው መዳፍ ውስጥ ይጠፋል፤ ጓንት ስገዛ ሻጩ «ለልጅህ ነው?» ይለኛል። ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬ፣ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ስገዛ አቃተኝ። መሪውን ስጨብጥ፣ ማርሽ ለመቀየር በግራ እጅ የሚሳበው ፍሪሲዮን ሩቅ አገር ነው፤ ጣቶቼ ተጉዘው እስኪደርሱበት ከፊቴ የቆመው ባጃጅ ሁለት ሰው ጭኖ ይሄዳል።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ለእጅ የሚመች የመሪ መጨበጫ ጎማ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ወፍራም ስፖንጅ አወጣልኝ። «ይኼ ሶፋ ነው፣ ወንድሜ!» እውነቱን ነበር፤ ሶፋ ደግሞ ይቀመጡበታል እንጂ አይጨብጡትም። አውራ ጣቴ ቀኑን ሙሉ ከሌሎቹ ጣቶቼ ጋር ሳይገናኝ ዋለ። ለትንሽ እጅ የሚሻለው ቀጭኑና ጠንከር ያለው ጎማ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ በማግስቱ ተመልሼ እሱን ገዛሁ።

ሁለት ጎማ ለማስገባት ለመካኒክ ይከፈላል? ጎረቤቴ «ሳሙና ቀባው፣ ይገባል» አለኝ። እጄ ትንሽ ትሁን እንጂ ሳሙና ላይ ለጋስ ናት። የቀኙ አልገባ ብሎ ግማሽ ሰዓት አታገለኝ። የግራው ግን እንደ ቀለበት ሹልክ ብሎ ገባ። መጠርጠር ነበረብኝ።

ገብርኤል አደባባይ ስደርስ ፍሬን ይዤ፣ ወደ ፍሪሲዮኑ ጣቶቼን ስዘረጋ፣ የግራው ጎማ ከነእጄ ወጣ። ሞተሩ አንዴ ተንገጫግጮ ጠፋ። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እንደ ሠርግ አቀለጡት። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ «መንጃ ፈቃድ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ደንግጬ በእጄ የነበረውን ሰጠሁት። ጎማውን አገላብጦ አየና አረፋውን ከጣቱ ላይ እየጠረገ፣ «ይኼ የሚታደሰው መቼ ነው?» አለኝ።

መካኒኩ ሥቆ ሲያበቃ አስረዳኝ። የመሪው ብረት ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቀኝ በኩል ግን ነዳጅ መስጫው የሚዞርበት የፕላስቲክ ቱቦ ስለሚደረብበት የቀኙ ጎማ ቀዳዳው ሰፋ ይላል። እኔ አቀያይሬያቸው ኖሯል። አጥቦ፣ አድርቆ፣ በየቦታቸው መለሳቸው። ከዚያ ሳልጠይቀው የፍሪሲዮኑን ማሰሪያ ብሎን አላልቶ ወደ ታች ዝቅ አደረገልኝ፤ ሽቦውንም አስተካከለው። «እስቲ ያዘው።» ደረስኩበት! ሁለት ጥንድ ጎማ ያስገዛኝ ርቀት በአንድ ቁልፍ አለቀ።

ስፖንጁን ባለቤቴ ቀድዳ በውሃ ጀሪካኑ እጀታ ላይ ጠቀለለችው። «ከእንግዲህ እጄን ቆረጠኝ የሚል ሰበብ የለህም» ብላ ውሃ መቅዳቱን ለእኔ አስረከበችኝ።