ቴአትሩ ያለፈበት በር ለፊልሙ ጠበበ

አወዛጋቢ ቴአትር ወደ ፊልም ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረምና ልንገራችሁ። ቴአትሩ ተፈቅዶ ለወራት መታየቱ ለፊልሙ ዋስትና አይሆነውም። እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ወሬው ቀድሞት ይደርሳል።

የእኛ ቴአትር አዲስ አበባ ዳር መሬቱን ለልማት ስለለቀቀ ገበሬ ነው። ያነጋገረው አንድ ትዕይንት ነበር። ገበሬው የካሳው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ከዚያ ቀና ብሎ "እንግዲህ እኔ የየት ሰው ነኝ?" ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። ከደራሲው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የሰጠው ለደራሲው ነው። ፊልሙን ከመታየቱ በፊት የሚያየው የመንግሥት ቢሮ ገምጋሚ "ይቀየር" ቢል ውሳኔው የማን እንደሆነም ውሉ ውስጥ ይግባ። ስክሪፕት፣ ካስት፣ ሎኬሽን፣ ቀረጻ የታወቀ ነው፤ አልፈዋለሁ።

ጉዱ የመጣው ግምገማው ላይ ነው።

"ይሄ ወረዳ የትኛው ነው?" አለኝ ገምጋሚው። የፈጠራ ነው አልኩት። አላመነኝም። መድረክ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ካለ ቢሮ ነው፤ የማን ቢሮ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ካሜራ ግን ግድግዳ ይፈልጋል። እኛም ግድግዳው ላይ ካሌንደር ሰቀልን፣ መደርደሪያውን በፋይል ሞላን፣ በር ላይ ባለጉዳይ አሰለፍን። ንግግሩ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርንም። ይህንኑ ስነግረው "ቴአትሩን የሚያየው አዳራሽ የመጣ ሰው ነው፤ ፊልም ቤት ድረስ ይገባል" አለኝ።

"ገንቢ አይደለምና አስተካክሉት።" ምኑን? "እናንተ ታውቁታላችሁ።" በደብዳቤ ይሰጠን ስንል፣ "ተግባብተናል እኮ፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?" ስንመለስ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ስልጠና ሄዷል። ፖስተሩ ታትሟል፣ ሲኒማ ቤቱ ቀን ይዞልናል፣ ፕሮዲዩሰሩ ብድር አለበት። በቃል የተከለከለ ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ወረቀት የለውም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። ጠቅሼላቸዋለሁ። የሰማኝ የለም።

ትዕይንቱን እንደገና መቅረጽ አልቻልንም። ተዋናዩ አሜሪካ ሄዷል፣ ገንዘቡም አልቋል። ጥያቄው ተቆረጠ። አሁን ፊልሙ ላይ ገበሬው ይፈርማል፣ ቀለም የነካውን ጣቱን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል፣ ይወጣል። "ዝምታው ያምራል፣ ክልከላው ጠቀማችሁ" ያሉኝ አሉ። አልስማማም። ያ ሰው ጥያቄ ነበረው፤ ወሰዱበት።

"በሰምና ወርቅ አሳልፉት" የሚለውንም ምክር ብዙ አትመኑት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በአውሬዎች አፍ ነበር ያስነገሩት። ያም ሆኖ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከመታገድ አልዳነም። መከልከል የፈለገ ሰው ወርቁን ለማግኘት አይቸገርም።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አከራካሪውን ትዕይንት በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ቅረጹት። አንዱን እንዳሰባችሁት፤ ሁለተኛውን ባዶ ግድግዳ ላይ፣ ያለ ካሌንደር፣ ያለ ፋይል፣ ልክ እንደ መድረኩ። ግድግዳውን ሰጥታችሁ ጥያቄውን ታተርፋላችሁ። ቢሮዎች "ስክሪፕቱን ቀደም ብላችሁ አምጡ፣ እንመካከርበታለን" ይላሉ። ከሚጠየቀው ወረቀት በላይ አታስገቡ። ያየው ሁሉ አንዳንድ አስተያየት ጣል ያደርግበታል፤ አንዱም በፊርማው አይቆምለትም። ስብሰባ ከጠሯችሁ ቃለ ጉባኤ ይያዝ በሉ፤ ከዚያ በፊት አንዲት ምስል አትቁረጡ። ኤዲተራችሁም ሙሉውን ቅጂ ከነድምፁ ለብቻው ያስቀምጥ።

የእኛ ሙሉ ቅጂ አለ። በጽሑፍ ማመልከቻ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር አስይዤ እንደገና አስገባዋለሁ። ከከለከሉኝም በደብዳቤ ይከልክሉኝ።