ከ8 ወደ 32 የዘለለው ታይተር

ነፍሰ ጡሯ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ፖዘቲቭ ነበር። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት የነበረባትን፣ ሰውነቷ የልጁን ደም እንዳይዋጋ የሚከላከለውን የአንቲ ዲ መርፌ አላገኘችም። ሰውነቷ የልጁን ቀይ የደም ሴል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋው ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ፣ ሠራ። ብዙዎቻችን ሾተላይ የምንለው ይህንን ነው። አንቲቦዲው አንዴ ከተሠራ ደግሞ መርፌው አይመልሰውም። የሚቀረው ክትትል ነው። እሷም በሁለተኛው እርግዝናዋ በየአራት ሳምንቱ ደም እየሰጠች፣ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ታይተሯን፣ ማለትም የአንቲቦዲዋን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንለካ ነበር።

አለካኩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሴረሟን (የደሟን ፈሳሽ ክፍል) በሳሊን፣ በጨው ውኃ፣ እያጋመሱ ማቅጠን ነው። አንዱ ቲዩብ 1 ለ 2፣ ቀጥሎ 1 ለ 4፣ ከዚያ 1 ለ 8 እያለ ይሄዳል። በየቲዩቡ ዲ አንቲጅን (ደምን ፖዘቲቭ የሚያሰኘው ምልክት) ያለው ቀይ የደም ሴል ይጨመራል። 37 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ደጋግሞ ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ አንቲቦዲ የያዛቸውን ሴሎች የሚያጣብቀው የኩምብስ ሪኤጀንት ይገባበታል። ሴሎቹ ተጣብቀው የሚታዩበት የመጨረሻው ቲዩብ ታይተሩን ይነግረናል፤ 1 ለ 8 ከሆነ ታይተሩ 8 ነው። ለአንቲ ዲ ብዙ ቦታ 16 ላይ ማስጠንቀቂያ ይጀምራል፤ 32ን የሚጠቀሙም አሉ። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ጽንሱ ደም እያነሰው እንደሆነ የደም ፍሰቱን ፍጥነት በሚለካው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል።

ያለፈው ወር ውጤቷ 8 ነበር። የዚያን ቀን 32 ሆነ። የአንድ ቲዩብ ልዩነት ያው ናሙና ሲደገምም ሊመጣ ስለሚችል ጭማሪ አይባልም። ሁለት ቲዩብ ሲሆን ግን አንቲቦዲው በእርግጥ ጨምሯል ተብሎ ይወሰዳል። ምርመራውን የሠራው ወጣት ባልደረባችን ደንግጦ ወደ ክፍላችን ኃላፊ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ለሐኪሟ ልደውል?»

«የድሮውን ናሙና አብረህ ሠርተኸዋል?»

አልሠራውም ነበር። ያለፈው ወር ሴረም ፍሪዘር ውስጥ ነው። እዚያ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ውጤቱ በሠራተኛው እጅ፣ በተጠቀመው ሴልና በአንባቢው ዓይን ይለዋወጣል። ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሴል ጎን ለጎን ካልተሠሩ ማወዳደር አይቻልም።

የድሮው ናሙና ቀልጦ ተሠራ። እሱም 32 ሰጠ!

ፍሪዘር ውስጥ ያለ ሴረም አንቲቦዲ አይጨምርም። እንግዲህ የተለወጠው የእናትየዋ ሰውነት ሳይሆን የእኛ አሠራር ነው። ኃላፊያችን ጋሼ ምንም ሳይቆጡ ልጁ አጠገብ ቆሙና «እስቲ እያየሁህ ድገመው» አሉት። ወዲያው ታየ። ከመጀመሪያው ቲዩብ እስከ መጨረሻው አንድ ቲፕ (ፈሳሽ መውሰጃው ጫፍ ላይ የሚሰካ ፕላስቲክ) ብቻ ነበር የሚጠቀመው። የቲፕ እጥረት ነበረብን፤ ልጁ መቆጠቡ ነበር። ግን ቲፑ ግድግዳ ላይ የቀረው ወፍራም ሴረም ወደ ቀጭኖቹ ቲዩቦች እየገባ ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለእያንዳንዱ ቲዩብ አዲስ ቲፕ ተደርጎ ሲደገም፣ ሁለቱም ናሙና 8 ሆነ።

ልጁን አልወቅሰውም። እጥረቱ እውነት ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ቲፕ መቆጠብ ካለብን ሌላ ቦታ እንቆጥብ፤ እዚህ ላይ አይሆንም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ደግሞ ያ አላስፈላጊ ድንጋጤ አልነበረም። ተገላቢጦሹ ነው። ያለፈው ወር ሥራ በአንድ ቲፕ ተሠርቶ፣ እውነተኛው 2 ሆኖ ሳለ 8 ተብሎ ቢመዘገብስ? በዚህ ወር አንቲቦዲው በእርግጥ ወደ 8 ቢያድግና በትክክል ብንሠራው፣ ወረቀቱ ላይ «ለውጥ የለም» ብለን እንጽፍ ነበር። አንቲቦዲው እያደገ እኛ ሰላም ነው እንል ነበር። ከዚህም የሚያድነን ያው የድሮ ናሙና ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ 16 መጣ። ጎን ለጎን የተሠራው የድሮው ናሙና 8 ነበር። በጭማሪ ሕግ አንድ ቲዩብ ምንም አይደለም። ግን 16 ደርሷል፤ ቁጥሩ ራሱ ይበቃል። ዶፕለር ተላከች። ደህና ነበር፤ ክትትሉ ግን እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ሕፃኑ ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ለጥቂት ቀናት መብራት ስር ተኝቷል። ደም መለወጥ አላስፈለገውም።

ብዙ እናቶች በዋጋም በርቀትም ምክንያት አንዱን ወር እዚህ፣ ሌላውን ወር እዚያ ይመረመራሉ። በሌላ ዘዴ፣ በጄል ካርድ፣ የተሠራ ታይተር ቲዩብ ላይ ከተሠራው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። የሁለት ቦታ ቁጥር ተያይዞ ሲመጣ ሐኪሙ ጭማሪ ይመስለዋል። ስለዚህ ከተቻለ ክትትሉ አንድ ላቦራቶሪ ይሁን። እኛም አሁን ውጤት ስንልክ ቁጥሩን ብቻ አንጽፍም። በቲዩብ መሠራቱን፣ የድሮው ናሙና አብሮ ሲሠራም ስንት እንደመጣ አጠገቡ እናሰፍራለን።