ቦዩ ከመሮው ይስፋ፦ የቶርኖ መቁረጫ መሮ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

እዚህ ቡራዩ በእንጨት ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ በሚያስቀርጸው ማሽን) ልምምድ ላይ ላለን ሁሉ የሦስተኛው ወር ማስታወሻ ይኸው። ወሩን ሙሉ የተሠራው በመቁረጫ መሮ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን መሮ የሚያነሳው ሥራው አልቆ ትርፉን ለመበጠስ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ልክ ማውጣት ነው። የወንበር እግር የት እንደሚወፍርና የት እንደሚቀጥን በቦይ አስቀድሞ የሚወስነው እሱ ነው። አራት እግር አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣው በእነዚህ ቦዮች እንጂ በዓይን ግምት አይደለም።

የሚገዛው አንድ ብቻ ከሆነ ከላይና ከታች ሳስቶ ወገቡ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍረውን ምረጡ። ሰውነቱ ከስለቱ ስለሚቀጥን ቦዩ ውስጥ ጎኑ አይታሽም። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፦ ስለቱ የግድ ወገቡ ላይ፣ ማለትም በጣም በሚሰፋበት መስመር ላይ ማረፍ አለበት። አንዱ ፊት ከሌላው በልጦ ከተሳለ ስለቱ ከወገቡ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ያኔ የሚቆርጠው ቦይ ከመሮው ሰውነት ይጠብና መሮው ይነክሳል። ጎንና ጎኑ ትይዩ የሆነው ጠፍጣፋ መሮ ለመሳል ይቀላል፣ ለጀማሪም አይከፋም፣ ግን ጎኑ ቶሎ ይግላል። 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭኑ ወይራን ለመሰለ ውድ እንጨት ነው። ስለሚታጠፍ ጥልቅ ቁርጥ ላይ አታስገቡት።

ቀጭኑን መሮ ከማሽን መጋዝ ምላጭ በራስ መሥራት ይቻላል፤ ጥርሱን በሞላ አጥፍቶ ጫፉን መሳል ነው። ግን ሁሉም ምላጭ አይሆንም፤ አንዳንዱ ጠንካራው ብረት ያለው ጥርሱ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥርሱ ሲሞለጭ የሚቀረው ለስላሳ ብረት ነው። ምናለሽ ተራ የሚገኘው የመኪና ባሌስትራም ለልምምድ ይበቃል፣ ስለቱ ግን ቶሎ ይደንዛል። ባሌስትራ ሲሳል በየጊዜው ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ መሞለጭ አለበት። ሃይ ስፒድ የሚባለው የመቁረጫ ብረት ግን በተቃራኒው ነው፦ ሙቀት ይችላል፣ ሲግል ውኃ ውስጥ ከተከተተ ግን ስለቱ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል። በአየር ይቀዝቅዝ።

የሁለቱ ፊቶች ማዕዘን ተደምሮ 50 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ስለቱ ከመሮው ርዝመት ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱን በትንሽ እስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አረጋግጡ፤ ካዘመመ መሮው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመለማመጃው እንጨት 50 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የደረቀ ባህር ዛፍ ነው። መጀመሪያ ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይድበልበልና በየ25 ሚሊ ሜትሩ በእርሳስ ይሰመርበት፤ እያንዳንዱ ቦይ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይውረድ። ፍጥነቱ በደቂቃ 1500 ዙር ይበቃል። የመሮው መደገፊያ ብረት ከእንጨቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ፣ ከፍታውም እንጨቱ ከሚሽከረከርበት የመሐል መስመር ትንሽ ከፍ ይበል።

እጀታውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የታችኛው ፊት እንጨቱን እየዳበሰ ምንም ሳይቆርጥ ይቆይ። ከዚያ እጀታውን ቀስ እያላችሁ አንሱት። ስለቱ ሲይዝ ድምፁ ከመፋቅ ወደ ሽርታ ይለወጣል፣ የሚወጣውም ሰጋቱራ ሳይሆን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ይሆናል። ዱቄት ከወጣ እየቆረጣችሁ አይደለም፣ እየፈገፈጋችሁ ነው። እንጨቱ በቀጠነ ቁጥር እጀታው ከፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ ስለቱ ግን ከመሐል መስመር በታች አይውረድ።

በወሩ ውስጥ ከታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው። ቦዩ በመሮው ስፋት ልክ ብቻ ሲቆፈር 8 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ጭስ ይወጣል፣ የቦዩ ግድግዳ ይጠቁራል፣ መሮውም ይያዛል። በተለይ እርጥብ ባህር ዛፍ ቁርጡን መልሶ ይገጥምበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 5 ሚሊ ሜትር ከገባችሁ በኋላ መሮውን አውጥታችሁ፣ በትርፉ በኩል በግማሽ ስፋት አስጠግታችሁ እንደገና አውርዱት። እንዲህ እያፈራረቁ መሄድ ነው። የቦዩ ትከሻ (ጠርዙ) ላይ የእንጨቱ ጭረት ከተሸረከተ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ትታችሁ ቁረጡና የቀረውን በሰያፍ መሮ ሹል ጫፍ አጽዱት።

ለወንበር አግዳሚ ወንዴ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ልክ ለማውጣት ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የግድ አይደለም። ቀዳዳው 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ 22 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ጥሩ መለኪያ ነው። የመንጋጋውን ሹል ጠርዞች በሞረድ አድበልብሉ፣ አለበለዚያ እንጨቱን ይነክስና ከእጅ ይፈናጠራል። መሮውን በቀኝ እጅ፣ እጀታውን ከክንድ በታች አጥብቆ ይዞ፣ ቁልፉን በግራ እጅ ከበስተኋላ ቦዩ ላይ ማሳረፍ ነው። ልኩ ሲደርስ ቁልፉ ጠልቆ ይገባል፤ ወዲያው መሮውን አውጡ። ጀማሪ ግን ይህን በሁለት እጅ ይልመደው፦ ትንሽ ቆርጦ፣ ማሽኑን አቁሞ፣ መለካት።

የኛ ሰፈር ጉዳይ ደግሞ መብራት ነው። ኃይል ሲቀንስ ሞተሩ ይደክማል፣ ስለቱም እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ድምፁ ሲወርድ ከሰማችሁ መሮውን ሳቡ። መብራት ከጠፋ መጀመሪያ መሮውን አውጡ፣ ከዚያ ማብሪያውን አጥፉ። ቦይ ውስጥ መሮ ተትቶ መብራት ድንገት ቢመጣ ብረቱ ወደ ሰው ይወረወራል።

ትርፉን መበጠስ የመጨረሻው ሥራ ነው። በሁለት ጫፉ የተያዘ እንጨት በመሮ እስከ መጨረሻው አይቆረጥም፤ የኮንትራ ፑንታው (እንጨቱን ከጫፉ ገፍቶ የሚይዘው ክፍል) ግፊት ቀጭኑን ቦታ ያጥፈዋል፣ እንጨቱም ሰብሮ ይዘላል። 10 ሚሊ ሜትር ሲቀር ማሽኑ ይቁም፣ የቀረውን በእጅ መጋዝ ቁረጡት፣ ጫፉ ላይ የቀረውን እንብርት በመሮ አስተካክሉና ብርጭቆ ወረቀት አሳዩት።