መጀመሪያ ወህኒ አምባ፣ ከዚያ ፋሲል ግቢ፦ ተማሪዎቼን ይዤ የሄድኩበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፋሲል ግቢን የሚያውቁት እንደ ጓሯቸው ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። የዘመድ ሰርግ ሲኖር ሙሽሮቹ እዚያ ፎቶ ሲነሡ ያያሉ። ግንቦቹን ማን ሠራቸው ብትሏቸው የነገሥታቱን ስም ተራ በተራ ይደረድሩላችኋል። የነገሥታቱ ወንድሞችስ የት ነበሩ ብትሏቸው ግን ዝም ይላሉ።

ወንድሞቻቸው ተራራ ላይ ታስረው ነበር። ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ አለ። ወህኒ አምባ ነው። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ሊነግሥ ይችላል የተባለ የንጉሥ ዘር፣ ወንድ ከሆነ፣ ወደዚያ ይላክ ነበር። ወንጀል ሠርቶ አይደለም። የንጉሥ ልጅ ወይም ወንድም ሆኖ ስለተወለደ ነው። ብዙዎቹ እዚያው አርጅተው ሞተዋል።

ይህን አምባ የተማሪ ጉብኝት ቦታ ላደርገው ተነሣሁ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ፤ ሌላ ከተማ ያለ መምህርም ይጠቀምበት ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከወላጅ ነው የመጣው። የፈቃዱን ወረቀት ለየቤቱ ከላክሁ በኋላ የአንዱ ተማሪ አያት በእግራቸው መጡ። "ልጄ፣ እስር ቤትም ሽርሽር ይኬድበታል?" አሉኝ። ጎንደር ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ እዚህ ከተማ ውስጥ ወንድሙን ወይም ልጁን ያጣ ቤት ብዙ ነው። እስር ሲባል መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር የማይመስላቸው ሰዎች አሉ። እማማን ደጅ ላይ አቁሜ አላናገርኳቸውም። ገብተው ተቀመጡ፤ ምን እንደምናይ፣ ምን እንደማናይ፣ ለልጆቹ ምን እንደምነግር አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝና "እንዲህ ከሆነ ይሂድ። ግን እንዳይሣቅበት" አሉ።

እንዳይሣቅበት። ይህ የጉዞው ደንብ ሆነ። እስረኛ ሆኖ መጫወት የለም። እጅ አስሮ ፎቶ መነሣት የለም። አንዳንድ መምህራን ልጆች ሚና ወስደው ሲጫወቱት ይገባቸዋል ይላሉ። በሌላ ርዕስ እስማማለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። የሰው ዕድሜ ያለቀበትን ቦታ ልጅ ሲጫወትበት፣ የሚቀረው ጨዋታው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በየክፍሉ ዘመዱ የታሰረ ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ከክፍል ኃላፊ መምህራኑ ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን፤ እንደዚህ ያለ ልጅ ካለ ለብቻው አነጋግረዋለሁ። አንዱ "ቲቸር፣ እኔ እሄዳለሁ። ስለ አባቴ ግን እንዳትጠይቀኝ" ብሎኛል። አልጠየቅኩትም። ሌላ መምህርም እንዳይጠይቀው አደረግኩ። መቅረት የሚፈልግ ልጅ ምክንያት ሳይቆጥር መቅረት ይችላል፤ ይህንንም ለሁሉም በግልጽ እናገራለሁ።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። ልጆቹ አምባውን ከማየታቸው በፊት ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ አለባቸው። ሳያውቁ ከሄዱ የሚያዩት ድንጋይ ነው። እኛ አገር ዙፋኑ የግድ ለበኩር ልጅ አይተላለፍም ነበር። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ወንድ ሁሉ ተስፋ ነበረው። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ የየራሳቸውን እጩ ይዘው ይነሡ ነበር። እጩዎቹን አንድ ቦታ መቆለፍ ጦርነት ያስቀራል ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ የጎንደር ነገሥታት ፈጠራም አይደለም። ከእነሱ በፊት አምባ ግሸን ለዚሁ ሥራ ውሎ ነበር፤ የግራኝ አሕመድ ጦር በ1540 እስኪያጠፋው ድረስ። በ1632 የነገሡት አፄ ፋሲል ልማዱን በወህኒ መለሱት።

ይህን ያህል በክፍል ውስጥ እንጨርሳለን። ከዚያ ተማሪዎቹን በቡድን ከፍዬ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው እሰጣለሁ። የዘመን ዝርዝር አልሰጥም፤ ሰው ነው የምሰጠው። ከሁሉም በላይ ልጆቹን የሚይዟቸው እነዚህ ናቸው።

በካፋ የታላቁ ኢያሱ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ወህኒ ገቡ። አምልጠው ኦሮሞዎች ዘንድ ተጠለሉ። ተይዘው ሲመለሱ የአፍንጫቸው ጫፍ ተቆረጠ። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም ይባል ስለነበር፣ ቅጣቱ የዙፋኑን በር ለመዝጋትም ነበር። በሩ ግን አልተዘጋም። በ1721 ነገሡ።

ዮሐንስ የበካፋ ወንድም ናቸው። እሳቸውም ለማምለጥ ሞክረው እጃቸው ተቆረጠ። ዕድሜያቸው ወህኒ ላይ አለቀ። በ1769 የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ንጉሥ ሲፈልጉ፣ እኒህን ሽማግሌ ከአምባው አወረዷቸው። ጥቂት ወራት ነገሡ። ለመዝመት እምቢ ስላሉ ተመርዘው ሞቱ ይባላል። በቦታቸው ልጃቸው ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነገሡ፤ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ዘጠነኛ ክፍል ላለ ልጅ ይህን ስትነግረው ፊቱ ይለወጣል። የእኩያው ነገር ነዋ።

ቴዎፍሎስ ደግሞ የታላቁ ኢያሱ ወንድም ናቸው። ኢያሱ በ1706 ተገደሉ። የገደሏቸውም በልጃቸው በቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይቆዩ እንደዚሁ ተገደሉ። ያኔ ቴዎፍሎስ ከወህኒ ወርደው ዘውድ ጫኑ። የወንድማቸውን ገዳዮች ተበቀሉ።

ጉዞውን ራሱን በአጭሩ ልለፈው። የምንሄደው ኅዳር ላይ ነው። ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሚያዝያ ሙቀቱ ልጅ ያደክማል፤ ጥር ደግሞ ፈተና አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅጥቅጥ ተሳፍረን እንወጣለን። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ ለቀበሌው ደግሞ አስቀድሞ ስልክ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማውም በማለዳውም አጣራለሁ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቀራል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ውኃ ከከተማ ነው የምንጭነው፤ በለሳ ውኃ የሚቸግረው አገር ነው፣ የሰው እንስራ ላይ መድረስ ነውር ነው። አጨዳ ስለሚሆን ማሳ ውስጥ አንገባም። መንገድ የሚመራን የአካባቢው ሰው ነው፤ ድካሙም ይከፈለዋል።

አምባው ላይ ልጆችን አናወጣም። ገደሉ ለልጅ አይሆንም። ቁልቁል የሚያሳየውን ሳይሆን ሽቅብ የሚያሳየውን ነው የምንፈልገው። ወላጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋል፤ ትምህርቱም ምንም አይቀርበትም። ከግርጌ ቆሞ ገደሉን ያየ ልጅ "በካፋ እንዴት ነው ያመለጡት?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሌላው ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ "ለምን አልገደሏቸውም?" የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። በኦቶማን ቱርክ አንድ ሱልጣን፣ ሦስተኛው መሐመድ፣ በ1595 ዙፋን ሲይዝ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። በኋላ እነሱም ይህን ትተው መሳፍንቱን ቤተ መንግሥት ውስጥ መቆለፍ ጀመሩ፤ ፋሲል ወህኒን በሚያስጠብቁበት በዚያው ክፍለ ዘመን ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ "እንግዲያው ወህኒ ምሕረት ነው" ይላል። ግማሹ "ዕድሜ ልክ ታስሮ ምኑ ምሕረት ነው" ይላል። እኔ አልፈርድም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ዳቧቸውን እየበሉ። ጾም ከሆነ ቆሎው አለ።

ከዚያ የጉዞው ዋና ሥራ ይመጣል። ታላቁ ኢያሱ፣ በ1682 የነገሡት፣ ወደ ወህኒ ሄደው ዘመዶቻቸውን እንዳዩ ተጽፏል። እስረኞቹ ልብሳቸው አልቆ፣ ተጎሳቁለው ነበር። ለቀለባቸው የተመደበው ገቢ በሌሎች እጅ ይቀር ነበርና። ንጉሡ አዝነው አልብሰዋቸዋል፤ ገቢያቸውም እንዲመለስ አዝዘዋል። እኔም ለተማሪዎቹ ወረቀት አድዬ "ኢያሱ ነገ ይመጣሉ። እናንተ ከእስረኞቹ አንዱ ብትሆኑ አንድ ነገር ብቻ በደብዳቤ ለምኑ" እላለሁ። ትወና የለም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የሚጽፉትን ብታዩ። መጀመሪያ ብዙዎቹ "ፍቱኝ" ብለው ይጀምራሉ። ቆየት ብለው ይሰርዙታል፤ ንጉሡ እንደማይፈቱ ይገባቸዋል። አንዷ "እናቴ በሕይወት መኖሯን ይንገሩኝ" ብላ ጻፈች። አንዱ ጋቢ ለመነ፣ ለራሱ ሳይሆን አብሮት ለታሰረ ሽማግሌ። ሌላው "ቀለባችንን የበላው ሰው ይጠየቅልን" አለ። ይህን የመሰለ ድርሰት ክፍል ውስጥ በስንት ልመና አይገኝም። ማርክ አልሰጥበትም። ማርክ ቢኖረው ለእኔ ይጽፉ ነበር። አሁን ለንጉሥ ነው የሚጽፉት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋሲል ግቢ እንገባለን። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው። የተለመደው ግንቡን አሳይቶ፣ ጊዜ ከተረፈ ስለ እስረኞቹ ማውራት ነው። ያ አካሄድ እስረኞቹን የታሪኩ ጭራ ያደርጋቸዋል። አምባውን አስቀድሞ ያየ ልጅ ግን ግቢውን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። አፄ በካፋ ያሠሩት ረጅም የግብር፣ ማለትም የግብዣ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲቆሙ አንዷ ተማሪ "ያ ሁሉ ዓመት ርቧቸው ነበር እኮ" አለች። የተራቡ ስለመሆናቸው ማስረጃ የለኝም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ። ግን አዳራሽን ከሠሪው ሕይወት ጋር ማያያዟ ነው እኔ የምፈልገው። ከዚያ ቀን በፊት ያ አዳራሽ ለእሷ ጣራ የሌለው ግድግዳ ነበር።

ከዚያ ወደ ቁስቋም እንወጣለን፤ የበካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን። እዚያ የማነሣው ነገር አንድ ነው። በካፋ በ1730 ሲሞቱ ሕፃኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነገሠ፤ እናትየው አብረው ዘውድ ጫኑ። ሌሎቹ የንጉሥ ዘመዶች ግን አሁንም ወህኒ ላይ ናቸው። አባትየው ራሱ እስረኛ የነበረ ሰው ነግሦም አምባው ባዶ አልሆነም። ልጆቹ በዚህ በጣም ይናደዳሉ። "እሱ እያወቀው!" ይላሉ፤ ከቁጣቸው የተነሣ "እሳቸው" ማለቱም ይቀራል። ያን ሰዓት አላርማቸውም።

ለመምህራን የምመክረው ጥቂት ነው። ቡድኑን አሳንሱ፤ ሙሉ ክፍል ይዞ መሄድ ጩኸት ነው። ቢቻል ታሪክና አማርኛ መምህር አብረው ይሂዱ፤ ለደብዳቤው ሥራ የአማርኛ መምህሯ ከእኔ ይልቅ ትጠቅማቸዋለች። ተረትና ታሪክን ለዩላቸው፤ "ይባላል" የምትሉትን "ይባላል" በሉ፣ ልጅ ልዩነቱን በደንብ ይይዛል። መንገዱ አልመች ካለ አምባው ይቅር እንጂ ቅደም ተከተሉ አይቅር። የበካፋንና የዮሐንስን ታሪክ አስተምሩ፣ ደብዳቤውን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አጽፉ፣ ከዚያ ወደ ግንቡ ግቡ። የጉዞውን ገንዘብ ሁሉም ቤት እኩል አይችልም፤ የማይችለው ልጅ ስም ሳይጠራ የሚሸፈንበትን መንገድ ከወላጅ ኮሚቴው ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሁን የማስበው ደብዳቤዎቹን ለወላጆች ቀን ማንበብ ነው። ልጆቹ ከፈቀዱ ብቻ። ያኔ "እንዳይሣቅበት" ያሉኝን እማማንም እጠራቸዋለሁ፤ የልጅ ልጃቸውም ደብዳቤውን እንዳነብለት ተስማምቷል።