አንድ ፈረሱላ ነበርኩ

ዛሬ የአባዬን አሮጌ ሚዛን ላስጠግን ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ወሰድኩት። ሐሙስ ገበያ ስለነበር ባጃጁ ማለፊያ አጥቶ ፀሐይ ላይ ስንጠበስ ቆየን።

ሠሪው ሽማግሌ ናቸው። አቧራውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»

እንጨቱ ጎን ላይ በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ። «1 ፈረሱላ» ይላል፤ አጠገቡ የስሜ የመጀመሪያ ፊደል።

አባዬ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲገዛ ውሎ ገበሬዎቹ ሲሄዱ እኛን በተራ ይመዝነን ነበር። 17 ኪሎ የሞላሁ ቀን «አንድ ፈረሱላ ሆነሻል፤ በስንት ልሽጥሽ?» አለኝ። የምሩን መስሎኝ ጆንያ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ደንግጦ ሸንኮራ ገዝቶ አባበለኝ፤ እሱ ራሱ እየላጠ።

ሥራ ላይ ኮስታራ ነበር። ግማሽ ኪሎ ካልተስማማ፣ ትርፉ የራሱም ቢሆን፣ ጆንያውን አስወርዶ እንደገና ያስመዝናል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነው። ሸንኮራውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

አሁን ሱቁን ከወንድሜ ጋር ይዘነዋል። ዲጂታል ሚዛን አለን። ወንድሜማ አሮጌውን ለቆራሌው ካልሰጠሁ ብሎ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን!

«ቀለም ልቀባልሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቀቡልኝ፤ ያችን ጎን ብቻ ይተዉልኝ።»

ማታ ልጄን አቆምኳት። 14 ኪሎ። ሦስት ይቀራታል።